ዶርዜ ሸማ ስትገዙ እንዳትሳሳቱ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደውን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥታችሁ ዶርዜ ስትቃረቡ፣ መንገድ ዳር የተሰቀለው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ዓይን ይይዛል። የመጀመሪያው ስህተት እዚያው ከመኪና ሳይወርዱ መግዛት ነው። ወደ ግቢ ዝለቁ። ሸማኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ሳታዩ ስለ ዋጋ አታውሩ።

ትልቁ ስህተት ግን ጥለቱን አይቶ ክሩን አለማየት ነው። «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ድሩ ምንድን ነው? ማጉስ?» በሉ፤ ድር በቁመት የሚዘረጋው፣ ማግ በአግድም የሚገባው ክር ነው። ዛሬ ብዙው ሸማ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ ድርም ማጉም ፈትል ከሆነው ጋር ግን ዋጋው አንድ ሊሆን አይችልም። ጥጡን ዳምጣ፣ ነድፋ፣ ባዘቶ አድርጋ በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ናት፤ ከሽመናው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚፈጀውም የእሷ ሥራ ነው። ጣታችሁን ጨርቁ ላይ ስታሳልፉ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን የሚለው የእሷ እጅ ነው። እንከን ብላችሁ ዋጋ እንዳትቀንሱበት።

ጋቢ መሃሉ ላይ ስፌት ስላለው «የተቀጣጠለ ነው» ብለው የሚመልሱም አሉ። የእጅ ሸማ ስፋቱ የሸማኔው ክንድ እስከሚደርስበት ድረስ ነው፤ ሁለት ጨርቅ ጎን ለጎን የሚሰፋው ለዚህ ነው። ይልቅ ስፌት የሌለውን ሰፊ ጨርቅ ጠርጥሩ።

ከውጭ የሚገባ የታተመ «ጥበብ» አለና ገልብጣችሁ እዩ፤ የታተመው ጀርባው ደብዛዛ ነው። ከዘርፉ አንዲት ክር ለኩሱ፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ይጠጥራል።

እኔ ለእናቴ የገዛሁት ነጠላ በመጀመሪያው አጠባ ቀዩ ጥለት ነጩ ላይ ለቀቀ። እናቴ ምንም አላለችም፤ ያንን ነጠላ ግን ቤተ ክርስቲያን ለብሳው ሄዳ አታውቅም። ከመግዛቴ በፊት እርጥብ ነጭ መሐረብ ጥለቱ ላይ ማሸት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

ሸማኔን ሁሉ «ዶርዜ» ማለትም ይቅር። ዶርዜ ከጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ ነው፤ የጋሞ ሸማኔ ሁሉ ዶርዜ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ «ዶርዜ» የሚለው ስም ዛሬም ለንቀት ሲውል መስማት ያሳፍራል።

«አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ በዚህ ዋጋ አገኛለሁ» እያሉ መከራከርም አያምርም። እዚያ ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከዚሁ ደጋ የወረዱ ናቸው።

ለበዓል ወይም ለሠርግ ከሆነ፣ ደርሳችሁ «ለነገ» አትበሉ። ቀደም ብላችሁ ፈትሉን ከፈታይዋ ግዙና ለሸማኔው አስረክቡት፤ እናቶቻችንም ሲያሠሩ እንደዚያ ነበር። ያኔ የፈታይዋ ዋጋ በቀጥታ እጇ ይገባል።