ሰኞ ተጀምሮ ሐሙስ የሚቆመው ፋይበር፦ ስለ አንጀት ባክቴሪያ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሰዎችን በአመጋገብ ጉዳይ ማማከር ሥራዬ ነው። "ፋይበር ሞክሬው ነበር፤ ለእኔ ሆድ ግን አይሆንም" ሲባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ታሪኩን ሳስወራቸው ሁሌም አንድ ነው። ሰኞ ተነሳስተው ይጀምራሉ። ማክሰኞ ሆዳቸው ይነፋል። ረቡዕ ይቆርጣቸዋል። ሐሙስ ያቆማሉ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት "አይስማማኝም" እያሉ ይኖራሉ። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ታሪክ በአንድ ቀን ከሁለት ሰው ሰማሁና ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

ሁሉንም በአንድ ቀን መለወጥ

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ፋይበር ትንሹ አንጀታችን ሊፈጨው የማይችለው የእጽዋት ክፍል ነው። ስለማይፈጭ እንዳለ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ የሚቀበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። በሰውነታችን ውስጥ 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያ እንዳለ ይገመታል፤ አብዛኛው የሚኖረውም እዚሁ ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። ሁሉም ተሰብስቦ ቢመዘን 200 ግራም ያህል ቢሆን ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ፋይበሩን እያብላሉ አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የሚባሉ አጫጭር የስብ አሲዶችን ይሠራሉ። ከነዚህ ውስጥ ቡቲሬት የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋነኛ ማገዶ ነው። ያ የአንጀት ግድግዳ ኃይሉን በአብዛኛው የሚያገኘው ባክቴሪያዎቹ ከሚሠሩለት ነው ማለት ነው። ማብላላት ባለበት ደግሞ ጋዝ አለ። ሃይድሮጅን አለ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ፣ በአንዳንድ ሰው ሆድ ሚቴንም አለ።

እንግዲህ አስቡት። ለዓመታት በቀን 10 ወይም 12 ግራም ፋይበር ሲደርሰው የኖረ አንጀት ድንገት 40 ግራም ሲወርድበት ምን ይሆናል? ያሉት ባክቴሪያዎች ያገኙትን ሁሉ ማብላላት ይጀምራሉ። ጋዙ ይከማቻል። ጋዝ እንዲህ ሲበዛ ያልለመደ አንጀት ይወጠራል፣ ይጮሃል፣ ይቆርጣል። ይሄ የምግብ አለመስማማት አይደለም እኮ! ሥራው በአንድ ጊዜ ስለበዛ ነው። ጊዜ ከተሰጣቸው የባክቴሪያዎቹ ስብጥር ራሱ ይለወጣል፤ አንጀቱም ይለምዳል። ብዙ ሰው ላይ መነፋቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ችግሩ እዚያ ሳይደርሱ ማቆማቸው ነው።

አንድ ወጣት አስታውሳለሁ። ጠዋት አጃ በስንዴ ብራን (በስንዴ ልጣጭ)፣ ምሳ ቦሎቄ፣ እራት ደግሞ አንድ ትልቅ ሳህን ሽንብራ በጥሬ ጥቅል ጎመን። በአራተኛው ቀን ሌሊት ሆዱን ይዞ ድንገተኛ ክፍል ሄደ። ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም፤ ጋዝ ነበር። እኔ ጋ ሲመጣ "ሰውነቴ ጥራጥሬ ጠልቷል" አለኝ። በቀን ሁለት ማንኪያ የበሰለ ምስር አስጀመርኩት። ሁለት ማንኪያ ብቻ። ንቀት መስሎት ቅር ብሎት ነበር። በሁለት ወሩ አንድ ሙሉ ኩባያ እየበላ ሆዱ ዝም ብሏል።

እኔም ይህን ስህተት ሠርቻለሁ፤ የሚያሳዝነኝ ደግሞ በሰው ሆድ ላይ መሆኑ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንዲት እናት በቀን 30 ግራም ፋይበር የሚያስገኝ ዝርዝር ጽፌ ሰጠኋቸው። ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ፣ ከየት እንደሚጀመር አንዲት ቃል አልጻፍኩም። በአምስተኛው ቀን ደውለው "ልጄ፣ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" አሉኝ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከዝርዝሩ በፊት ፍጥነቱን ነው የምጽፈው።

ፍጥነቱ ይሄ ነው። የቀኑን መጠን በየሳምንቱ በ5 ግራም ያህል ብቻ ጨምሩ። ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 8 ግራም ገደማ አለው። መካከለኛ ፖም ከነልጣጩ 4 ግራም ገደማ። አንድ ቁራጭ ያልተፈተገ ስንዴ ዳቦ 2 ግራም አካባቢ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ በቀን አንድ ፖም መጨመር ብቻ ሊሆን ይችላል። ሆዳችሁ ከተቆጣ ወደ ባለፈው ሳምንት መጠን ተመለሱ፤ አታቁሙ። ጥራጥሬ ስታበስሉ ደግሞ በደንብ ዘፍዝፉትና ውሃውን ድፉት፤ ጋዝ ከሚያመጡት ስኳሮች የተወሰኑት አብረው ይሄዳሉ።

መድረሻው የት ነው ለሚለኝ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው መመሪያ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ይመክራል። ከዚያ በፊት በ2019 የወጣ፣ 185 የረጅም ጊዜ ጥናቶችንና 58 ሙከራዎችን አንድ ላይ ያየ ትልቅ ግምገማም ከፍተኛውን ጥቅም ያገኘው ከ25 እስከ 29 ግራም አካባቢ ነበር። እዚያ ለመድረስ ሁለት ወር ቢወስድባችሁ ምንም አልዘገያችሁም።

ውሃ መርሳት

ፋይበር ጨምሮ ውሃ ያልጨመረ ሰው የሆድ ድርቀቱን ሊያብስ ይችላል። በቃ።

የፋይበር ዱቄት ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

"ለባክቴሪያዎቼ ብዬ ሳይሊየም ጀመርኩ" ይሉኛል። ሳይሊየም ከአንድ ተክል ዘር ልጣጭ የሚሠራ የፋይበር ዱቄት ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። ውሃ ይዞ እንደ ሙጫ ይወፍራል፤ ድርቀት ላለበት ይረዳል፤ መጥፎውን ኮሌስትሮልም በመጠኑ ይቀንሳል። ባክቴሪያዎች ግን ብዙም አያብላሉትም፤ በአብዛኛው እንደገባ ይወጣል። ኢኑሊን የሚባለው ሌላው የእጽዋት ፋይበር በተቃራኒው በፍጥነት ነው የሚብላላው፤ አንድ ማንኪያ ሙሉ ከጀመራችሁበት ያው የሐሙስ ታሪክ ይደገማል። ሳይሊየም የምትወስዱ ከሆነ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ውሰዱት፤ በደረቁ ጉሮሮ ላይ ሊያንቅ ይችላል። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነም ሰዓቱን አራርቁት፤ መድኃኒቱ በደንብ እንዳይሰርግ ሊያደርግ ይችላልና።

አንድ ምግብ ላይ መንጠልጠል

ጠዋት አጃ፣ ማታም አጃ። ግራሙ ይሞላል፤ ግን ሁሉም ባክቴሪያ አጃ አይበላም። እያንዳንዱ የፋይበር ዓይነት የራሱ ኬሚካዊ አሠራር አለው፤ እያንዳንዱ የባክቴሪያ ዝርያም መፍታት የሚችለው የተወሰነውን ነው። አጃና ገብስ ቤታ ግሉካን አላቸው። ፖም ፔክቲን አለው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ኢኑሊን አላቸው። ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድንች ወይም ሩዝ ደግሞ ከስታርቹ የተወሰነው ለመፈጨት እምቢ ብሎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ ሥራው እንደ ፋይበር ነው።

በ2018 በወጣ አንድ ሰፊ ጥናት በሳምንት ከ30 በላይ የእጽዋት ዓይነት የሚበሉ ሰዎች፣ 10 ወይም ከዚያ በታች ከሚበሉት ይልቅ የባክቴሪያ ስብጥራቸው ይበልጥ ብዙ ዓይነት ያለው ሆኖ ተገኝቷል። ይሄ ዝምድናን የሚያሳይ እንጂ 30 ቁጥር ላይ አስማት አለ የሚል አይደለም። ግን ሰዎች 30 ሲባሉ ይደነግጣሉ። አትደንግጡ። ቅመማ ቅመሙ ይቆጠራል፣ ሰሊጡና ተልባው ይቆጠራል፣ አረንጓዴና ቀይ ምስር ሁለት ናቸው። አንድ ሳምንት ብቻ የምትበሉትን ጻፉ። ብዙ ሰው 12 ወይም 13 ላይ ነው የሚቆመው፤ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ አዲስ ነገር መጨመር ቀላል ነው።

ጭማቂን እንደ ፍራፍሬ መቁጠር

አንድ ብርቱካን 3 ግራም ያህል ፋይበር አለው። ተጨምቆ ሲጣራ ምንም አይቀረውም ማለት ይቻላል። ከነሥጋው የተፈጨ ከሆነ ግን ፋይበሩ እዚያው ስላለ ሌላ ነገር ነው።

ፕሮባዮቲክ ውጦ ምግቡን መርሳት

ኪኒን ገዝተው በየቀኑ ቢሊዮን ባክቴሪያ ይውጣሉ፤ ሳህናቸው ላይ ግን እነዚያ ባክቴሪያዎች የሚበሉት ነገር የለም። እንግዳ ጠርቶ ጦሙን እንደማሳደር ነው። አብዛኞቹ የኪኒን ባክቴሪያዎች ደግሞ አንጀት ውስጥ አይሰፍሩም፤ ያልፋሉ። አንዳንድ ዝርያዎች ለተወሰኑ ችግሮች ይጠቅማሉ፤ ያንን ሐኪም ሲያዝ ውሰዱ። በተለይ ከአንቲባዮቲክ በኋላ "ቶሎ ልተካ" ብሎ መቸኮል ያሳስበኛል። በ2018 በጤናማ ሰዎች ላይ በተደረገ አንድ አነስተኛ ሙከራ፣ ከአንቲባዮቲክ በኋላ ብዙ ዝርያ ያለበት ፕሮባዮቲክ የወሰዱት ሰዎች የራሳቸው የቀድሞ ባክቴሪያዎች ለመመለስ ዘግይተዋል። የታዘዘላችሁን አንቲባዮቲክ ግን በዚህ ፍርሃት እንዳትተዉ፤ አደራ።

በባክቴሪያ የተብላሉ ምግቦች፣ እንደ እርጎ ያሉት፣ የተለየ ቦታ አላቸው። በ2021 በ36 ሰዎች ላይ ለ10 ሳምንት በተደረገ ሙከራ እነዚህን ምግቦች በብዛት የበሉት የባክቴሪያ ስብጥራቸው ሰፍቷል፣ የብግነት ምልክቶቻቸውም ቀንሰዋል። ፋይበር የጨመሩት ቡድን ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ በአማካይ ስብጥራቸው አልሰፋም። እኔ የፋይበር ሰው ስለሆንኩ ውጤቱን ሳነብ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ለደንበኞቼ ሁለቱንም አብሬ እነግራቸዋለሁ፤ በአንድ ወር ተአምር አትጠብቁ ለማለትም እሱን ነው የምጠቅሰው።

የአንድ ሳምንት "አንጀት ማጽጃ"

ምግብ ሲለወጥ ባክቴሪያዎቹም በቀናት ውስጥ ይለወጣሉ። እውነት ነው። ወደ ድሮው ምግብ ሲመለሱም በቀናት ውስጥ ወደ ድሯቸው ይመለሳሉ። ይሄ በ2014 በሰዎች ላይ ታይቷል። ለሰባት ቀን ብቻ የተደረገ ነገር በስምንተኛው ሳምንት አይገኝም።

መከልከልን ኑሮ ማድረግ

በቀላሉ የሚቆጣ አንጀት (IBS የሚባለው ችግር) ላለባቸው ሰዎች ቶሎ የሚብላሉ ስኳሮችንና ፋይበሮችን ለጊዜው የሚቀንስ አመጋገብ አለ፤ ሎው ፎድማፕ ይባላል። ይሠራል፤ ብዙ ሰው አሳርፏል። ግን መጀመሪያውኑ የታሰበው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ምግቦቹ አንድ በአንድ እየተመለሱ የትኛው እንደሚረብሽ ይለያል። ሰዎች የመጀመሪያውን ክፍል አንብበው ሁለተኛውን ይዘሉታል።

አንዲት ሴት ለሦስት ዓመት እንዲህ ኖራ መጣች። ሽንኩርት የለም፣ ጥራጥሬ የለም፣ ስንዴ የለም፣ ፖም የለም። ሩዝ፣ ዶሮና ካሮት ቀርቷታል። ሰው ቤት መብላት ትታለች። የሆዷ ነገር ደግሞ አልተሻላትም፤ ጭራሽ በየወሩ አንድ ተጨማሪ ምግብ "አይስማማኝም" እያለች ትቀንስ ነበር። በጣም አዘንኩ፤ ምክንያቱም ጥንቃቄ እንጂ ቸልተኝነት አልነበረም እዚህ ያደረሳት። በ2016 በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ፋይበር ሲቋረጥባቸው የአንጀት ባክቴሪያዎች ፊታቸውን አዙረው ግድግዳውን የሚጠብቀውን ንፍጥ መብላት ጀምረዋል። የአይጥ ጥናት ለሰው በቀጥታ አይነበብም። ቢሆንም እሷን ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ከነጭ ሽንኩርት አልጀመርንም፤ ለሆድ ከሚከብዱት አንዱ ነው። ከአጃ ጀመርን፣ በሦስት ማንኪያ። ለሦስት ቀን ከታገሰችው ትጨምራለች፤ ካልታገሰችው ለጊዜው ይቆያል እንጂ አይሰረዝም። ዛሬ ከ20 በላይ ዓይነት ትበላለች። ሽንኩርት በብዛት አሁንም ያስቸግራታል፤ ስለዚህ በትንሹ።

የሰገራ ምርመራ ውጤት ይዞ ምግብ መሰረዝ

"ባክቴሪያህ 62 ከመቶ ጤናማ ነው" የሚል ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ጤናማ የሚባል የባክቴሪያ ስብጥር ምን እንደሚመስል ሳይንስ ገና አልተስማማም። ሽንትና ደም ላይ እንዳለው ያለ መደበኛ ልክ የለውም። ገንዘባችሁን ለምስር አውሉት።

ሁሉንም የሆድ ነገር በፋይበር መተርጎም

ጋዝና ትንሽ መነፋት የመጀመሪያ ሳምንታት ወግ ነው። ሰገራ ላይ ደም፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ለሳምንታት የቆየ የሰገራ ልማድ ለውጥ ግን ከፋይበር ጋር አይያያዝም። አንድ ሰውዬ ደሙን ለወራት "ብራኑ እየፋቀኝ ነው" እያለ ቆይቶ ነበር። ያን ቀን ሌላ ምንም አላማከርኩትም፤ ሐኪም ቤት ነው የላክሁት።

የአንጀት ጥበት ያለባችሁ፣ ክሮንስ የሚባለው የአንጀት ብግነት በሽታ ያለባችሁ፣ ወይም በቅርቡ የአንጀት ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁም ከላይ የጻፍኩትን የሳምንት 5 ግራም እንኳ ከሐኪማችሁ ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩ።