ብሮውዘር በዝምታ የሚያርመውን የኤችቲኤምኤል ስህተት ማግኛ ዘዴ

የድረ ገጽ መጻፊያ የሆነውን ኤችቲኤምኤል ስትማሩ የጻፋችሁት ኮድ ትክክል መስሏችሁ ገጹ ግን ባላሰባችሁት መልክ ከወጣ፣ ፋይሉን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ብሮውዘሩ ኮዱን እንዴት እንደተረዳው ማየት ይሻላል። ኮምፒውተር ላይ ገጹን ከፍታችሁ የተበላሸውን ቦታ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጫኑና «ኢንስፔክት» የሚለውን ምረጡ፤ ከዚያ የሚታየውን ኮድ ከጻፋችሁት ጋር ጎን ለጎን አስተያዩት። ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ስህተቱ ያለበት ቦታ ነው።

ዘዴው የሚሠራው ብሮውዘር የተሳሳተ ኤችቲኤምኤል ሲያጋጥመው ገጹን ከማሳየት ስለማይቆጠብ፣ ይልቁንም በተደነገገ ሥርዓት ራሱ አስተካክሎ ስለሚያልፍ ነው። ለምሳሌ «ፒ» በሚባለው የአንቀጽ ታግ (የኮድ ምልክት) ውስጥ «ዩኤል» የተባለውን ዝርዝር ብታስገቡ፣ አንቀጽ ዝርዝርን መያዝ ስለማይፈቀድለት ብሮውዘሩ ዝርዝሩ ከመጀመሩ በፊት አንቀጹን ይዘጋዋል፤ እናንተ መጨረሻ ላይ የጻፋችሁት መዝጊያ ደግሞ የሚዘጋው ስለሚያጣ ሌላ ባዶ አንቀጽ ይፈጥራል። ለአንቀጹ የሰጣችሁት ቀለም ዝርዝሩ ላይ የማይታየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይህን ደግሞ ፋይሉን ብቻ በማንበብ መገመት፣ በተለይ ለጀማሪ፣ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ሆኖም ልዩነት ሁሉ ስህተት አይደለም። ሠንጠረዥ ውስጥ ያልጻፋችሁት «ቲቦዲ» የተባለ የረድፎች መያዣ ታግ ቢታይ ደንቡ የሚፈቅደው ስለሆነ እለፉት፤ ጃቫስክሪፕት ይዘቱን በሚቀያይርበት ገጽ ላይ ደግሞ ይህ ንጽጽር ብዙም አይጠቅምም።