የጀልባዋን ማፍሰስ እንዴት አቆምኩት

የአጎቴ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ባሕር ዳር ግቢያችን ውስጥ ተገልብጣ ዓመታት ከርማለች። ፋይበርግላስ ናት፤ የመስታወት ክር ጨርቅ በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ተደራርቦ የተሠራች። ጣና ላይ ስትገባ ኋላዋ ውሃ ይቋጥራል። ያያት ሁሉ "ኋላዋን ጠግን" ይላል። ግን ውሃ ዝቅ ወዳለበት ይሄዳል እንጂ በገባበት አይቀመጥም።

ስለዚህ ድንጋይ ላይ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኳት። ውስጧ ውሃ ጨመርኩና ከሥር ገብቼ አየሁ። የሚንጠባጠበው ከፊት ነበር፤ ዳር ላይ ስትጎተት መሬት ከሚነካው ቦታ። በጠመኔ ከበብኩት።

ከዚያ ማድረቅ ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እርጥብ ፋይበር ሬዚን አይዝም፤ ክረምት ላይ ባትጀምሩት ይሻላል። የተሰነጠቀውን በግራይንደር እስከ ጤነኛው ድረስ ፋቅኩት፤ ዳሩንም በሰፊው አሳሳሁት። ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር ከሆነ ዙሪያውን 6 ሴንቲሜትር ያህል ማሳሳት ጥሩ ነው። ብናኙ ሳንባ ይጎዳል፤ ማስክና መነጽር የግድ ነው። ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መቀባት ግን ጥገና አይደለም። ጥንካሬ ስለሌለው ማዕበል ሲመታው ይሰነጠቃል።

ለ1 ኪሎ ፖሊስተር ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ማጠንከሪያ ይበቃል። ጠዋት ሥሩት፤ ቀትር ላይ ገና ጣሳው ውስጥ እያለ ይደርቃል። የፋይበሩን ጨርቅ ደራርቤ፣ አየሩን በብሩሽ እየተጫንኩ አስወጣሁ።

ሞተር የሚታሰርበት እንጨትም በስብሶ ነበር። በአዲስ ኮምፔንሳቶ ተካሁት፤ የብሎን ቀዳዳዎቹን ውስጣቸውን ሬዚን ቀባሁ።

የውሃውን ሙከራ ስደግመው አንድም ጠብታ አልወጣም። አሁን የቀረው ቀለም ብቻ ነው።