ተምቹን ከዘመዶቹ ለመለየት ወደ ጭራው ተጠግታችሁ እዩ

በቆሎን የሚያጠቃውን የአሜሪካ መጤ ተምች፣ ትሉ አድጎ የእሳት እራት ከሆነ በኋላ በክንፉ ለመለየት ብዙ አትድከሙ። ቡናማና ግራጫ ክንፍ ያላቸው ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። ወንዱ የፊት ክንፉ ጫፍ አካባቢ ነጣ ያለ ምልክት አለው፤ የሴቷ ክንፍ ግን ደብዘዝ ያለ ስለሆነ ያሳስታል። በዚያ ላይ የክንፉ ቅርፊት እንደ ዱቄት ይራገፋል።

ይልቅ ትሉን ፈልጉና በአጉሊ መነጽር እዩት። ከመጨረሻው ቀድሞ ባለው የሰውነቱ ክፍል ላይ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች በካሬ ቅርጽ ተቀምጠዋል። ከዚያ ወደ ፊት ባሉት የሆዱ ክፍሎች ላይም አራት አራት ነጠብጣብ አለ፤ ግን የፊተኞቹ ሁለቱ ተጠጋግተው የኋለኞቹ ሰፋ ስለሚሉ ካሬ አይሠሩም። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ፊደል ዋይ (Y) የሚመስል ነጣ ያለ መስመርም ታያላችሁ። እሱን ብቻ አይታችሁ ግን እንዳትወስኑ፣ ሌሎች ተምቾችም ተቀራራቢ መስመር አላቸው። እኔ የምተማመነው በካሬው ነው። ገና የተፈለፈለ ትል ላይ ምልክቱ አይጎላም፤ ትንሽ እስኪያድግ ጠብቁ።

በእጃችሁ ያለው የእሳት እራቱ ብቻ ከሆነ ሳትጨፈልቁ ደረቅ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። የተያዘበትን ቀንና ቦታ ጻፉበት። ባለሙያ የመራቢያ አካሉን በማይክሮስኮፕ አይቶ ወይም በዘረመል ምርመራ ይለየዋል።