ስሌቱ ለምን 1106 ይሰጥ ነበር

የሃይድሮጅንን የላምብ ሽፍት (በኤሌክትሮኑ የ2ኤስ እና የ2ፒ ደረጃዎች መካከል ያለውን ትንሽ የኃይል ልዩነት፤ የሁለቱም ጠቅላላ አንግዩላር ሞመንተም ጄ=1/2 ነው) የሚያሰላው ኮድ 1106 ሜጋኸርዝ ገደማ እያወጣ አስቸገረኝ። በሙከራ የሚለካው 1057.8 አካባቢ ነው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የቤቴ ሎጋሪዝምን (ኤሌክትሮኑ ከራሱ መስክ ጋር ያለው መስተጋብር ሲሰላ ለየደረጃው የሚገባ ቁጥር) ነበር፤ የ2ፒው ትንሽ ነው እየተባለ ይዘለላል እንጂ ቢቀር ውጤቱን በ4 ሜጋኸርዝ ያዛባል። እሱ ግን ቦታው ላይ አለ።

ፍንጩ የተገኘው ውጤቱን ከሙከራው ሳይሆን ከመጀመሪያው ደረጃ ስሌት፣ ማለትም ከ1052 ጋር ሳስተያየው ነው። ልዩነቱ 54 ነው። የቫኩም ፖላራይዜሽን (በባዶ ቦታ ለቅጽበት የሚፈጠሩ ጥንድ ቅንጣቶች ቻርጅን መሸፈናቸው) ድርሻ ደግሞ 27፣ ልክ ግማሹ! መቀነስ ያለበት ተደምሯል ማለት ነው።

ፊዚክሱም ይህንኑ ይላል። ቅጽበታዊ የኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ጥንዶች የፕሮቶኑን ቻርጅ ከሩቅ ይሸፍኑታል። የ2ኤስ ኤሌክትሮን ግን ኒውክሊየሱ ድረስ ስለሚዘልቅ ሽፋኑን አልፎ የበረታ ቻርጅ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ይበልጥ ይታሰራል፣ ደረጃውም ዝቅ ይላል። 2ፒ እዚያ አይደርስም ማለት ይቻላል።

የመደመር ምልክቷን ወደ መቀነስ ለወጥኩ፤ 1052 ወጣ። የሚቀጥለውን ደረጃ እርማት (7 ገደማ ይጨምራል) እና የሪዲዩስድ ማስ እርማትን (የፕሮቶኑ ክብደት ውሱን ስለሆነ የሚደረግ፤ ከ2 ያነሰ ይቀንሳል) ሳስገባ 1057.5 አካባቢ ደረሰ። የቀረችውን ሽርፍራፊ የሁለት ሉፕ (የበለጠ ውስብስብ የኳንተም መስተጋብር) እና የሪኮይል (የኒውክሊየሱ እንቅስቃሴ) እርማቶች ይጨርሷታል።