ሶላር ገብቶ ካርዱ እንደ ድሮው የሚያልቅበት ቤት፦ ችግርና መፍትሄ

ስለ ፊውዝ፣ ስለላላ ብሎንና ስለወረደ ብሬከር አላወራም። እሱን አይታችሁ ነው እዚህ የደረሳችሁት። እዚህ የማወራው መስመርም (ከቆጣሪ የሚመጣው መብራት) ሶላርም ስላለው ቤት፣ በሃይብሪድ ኢንቨርተር፣ ማለትም ፓነሉን፣ ባትሪውንና መስመሩን በአንድ ላይ በሚያቀናጀው ሣጥን፣ ስለሚሠራው ነው።

ምልክት፦ ሁሉም ይሠራል፣ የቆጣሪው ካርድ ግን እንደ ድሮው ያልቃል

"መብራት ሲጠፋ እኮ ይሠራል!" ይሉኛል። አዎ፣ ይሠራል። ችግሩ መብራት ሲኖር ነው።

መንስኤው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ነው፤ ኢንቨርተሩ መስመሩን ያስቀድማል። ገበያውን የሞሉት የቻይና ሃይብሪዶች አብዛኞቹ ከፋብሪካ የሚወጡት እንደዚያ ተደርገው ነው። መስመር ካለ ቤቱን የሚመግቡት ከመስመር ነው። ባትሪው ከሞላ በኋላ ፓነሉ ሥራ ይፈታል። ገጣሚው ገመዱን አስሮ፣ አምፖሉን አብርቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሴቲንጉን የሚከፍት የለም።

ለማረጋገጥ ጠራ ባለ ቀን፣ 6 ሰዓት ገደማ ላይ፣ የፓነሉን ዋት ስክሪኑ ላይ እዩ። ከዚያ ከቆጣሪ ወደ ኢንቨርተሩ የሚገባውን ብሬከር አውርዱ። ቤቱ ሳይጠፋ ዋቱ ሽቅብ ከወጣ ምርመራው አለቀ።

አንድ ደንበኛ "ሻጩ ፓነሉ አንሷል ብሎኛል፣ አራት ልጨምር ነው" ብሎ ጠራኝ። ስደርስ ስክሪኑ 150 ዋት ይላል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጓዳ ልብስ ይተኮሳል። ብሬከሩን አወረድኩት። ካውያው አልቀዘቀዘም፤ ቁጥሩ ግን እየዘለለ ከ1,000 አለፈ። ሰውዬው ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ። "ታዲያ እስከዛሬ ምን ሲሠራ ነበር?" ምንም። አራት ፓነል መሸጥ ያተርፋል፤ አንድ ሴቲንግ መቀየር አያተርፍም።

መፍትሄው ይኸውላችሁ። ኢንተር የሚለውን በተን 3 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። በብዙዎቹ ሞዴሎች ቁጥር 01 "ቤቱን ማን ይመግብ" የሚለው ነው። እዚያ ላይ ዩቲአይ (UTI) ወይም ዩኤስቢ (USB) ካለ መስመር ቀዳሚ ነው ማለት ነው። ቀይሩት። ወደ ምን? እሱ በባትሪያችሁ ይወሰናል።

ጄል ወይም አሲድ ባትሪ ካላችሁ ኤስዩቢ (SUB) አድርጉት። ቀን ፀሐይ ቤቱን ይመግባል፣ የጎደለውን መስመር ይሞላል፣ ባትሪው መብራት ለሚጠፋበት ሰዓት ይቆያል። ሊቲየም ከሆነ ኤስቢዩ (SBU) ይሻላል፤ ከፀሐይ ቀጥሎ ባትሪ፣ መስመር መጨረሻ ነው፤ ማታም ከባትሪ ትጠቀማላችሁ። በጄል ባትሪ ኤስቢዩ አድርገው ማታ ማታ እስከ ጥግ የሚያወርዱትን ሰዎች ምን እንደምላቸው አላውቅም። ከካርድ ያተረፉትን አዲስ ባትሪ ይወስደዋል። የግድ ካላችሁ ቁጥር 12ን፣ ባትሪው ስንት ቮልት ላይ ሲወርድ ወደ መስመር ይዙር የሚለውን፣ ከፍ አድርጉ። በ48 ቮልት ሲስተም ፋብሪካው 46 ላይ ያስቀምጠዋል፤ ያ ከአራቱ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ለአንዱ 11.5 ቮልት ነው። ቢያንስ 49 አድርሱት።

ቁጥር 05፣ የባትሪ ዓይነት የሚለው፣ አይነካ! የሊቲየም ቮልቴጅ ለጄል፣ የጄል ለሊቲየም አይሆንም። የባትሪውን ወረቀት ሳታዩ ጣታችሁን አታሳርፉበት።

ምልክት፦ ከሶላሩ በኋላ ካርዱ ጭራሽ ቶሎ ያልቃል

የቀደመው ችግር ወንድም ነው። ቁጥር 16 ባትሪውን ማን ቻርጅ ያድርግ የሚለው ነው። ኤስኤንዩ (SNU) ላይ ከተተወ ፀሐይም መስመርም ይሞላሉ። ማታ ባትሪው ይወርዳል፣ ኢንቨርተሩ ወደ መስመር ይዞራል፣ ሌሊቱን በገዛችሁት መብራት ባትሪውን ይሞላል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ባትሪው ጠግቦ ተኝቷል። ፓነሉ የሚያመርተውን የት ያድርገው? በዚያ ላይ በባትሪ አዙሮ የሚወጣ መብራት በመንገድ ይባክናል፤ በአሲድ ባትሪ ቢያንስ አንድ አምስተኛው ይጠፋል።

ኦኤስኦ (OSO) አድርጉት፣ ከፀሐይ ብቻ ይሞላል። ክረምት ሲገባ ግን ጄልና አሲድ ያላችሁ ወደ ሲኤስኦ (CSO) መልሱ፤ ፀሐይ ይቀድማል፣ ፀሐይ ከሌለ መስመር ይሞላል። ሳይሞላ ሳምንታት የከረመ ባትሪ መስከረም ላይ አይነሳም።

ሌላም ሌባ አለ፤ ራሱ ኢንቨርተሩ። ትልቁ፣ የ5 ኪሎ ዋቱ፣ ምንም ሳይሸከም 50 ዋት ገደማ ይበላል። በወር 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። ዝቅተኛው የታሪፍ እርከን ራሱ እስከ 50 ነው። አምፖል፣ ቲቪና ዋይፋይ ብቻ ላለው ቤት 5 ኪሎ ዋት የሚሸጥ ሰው ደንበኛውን አይወደውም።

ምልክት፦ ምጣድ ሲሰካ ኢንቨርተሩ ይጮኻል

የእንጀራ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። በ48 ቮልት ከባትሪ ይውጣ ካላችሁ 80 አምፒር ገደማ ነው። ምጣድና ቦይለርን ከኢንቨርተሩ አውጥታችሁ በቀጥታ ከቆጣሪው እሰሩ። በኢንቨርተሩ መጋገር የሚፈልግ፣ ባለ 5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተርና በቂ ፓነል ያለው ሰው ግን ቀን ከ5 እስከ 8 ሰዓት፣ ቦይለሩን አጥፍቶ ይጋግር። ማታ 2 ሰዓት ላይ አይሆንም።

ምልክት፦ ፓነሉ ከሚገባው በታች ያመርታል

ጣሪያ ውጡና ሮቶውን እዩ። ጥላው አንድ ፓነል ላይ ካረፈ የተያያዙትን ሁሉ ይጎትታል። ሮቶውን ወይም ፓነሉን አንሱ። በበጋ አቧራውን በማለዳ እጠቡ፤ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም። በክረምት ከሆነ የሚጠገን ነገር የለም፣ ደመና ነው።

ገመዱ ቀጭን ከሆነም ይበላል። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ 10 ሜትር ርቀት ላይ 8 አምፒር ሲሸከም ከ1 ቮልት በላይ ይጥላል። በ12 ቮልት ሲስተም ይህ ብዙ ነው። ባለ 6 ተጠቀሙ።

ብርቅዬዎቹ

የፓነል ማያያዣው ከቀለጠ፦ በፒንሳ ተጨምቆ ነው፤ በትክክለኛው መጭመቂያ ይሠራ። ፀሐይ እያለ፣ ጭነት ላይ እያለ አትንቀሉት፤ ብልጭታው እጅ ያቃጥላል።

የፓነል መስመር ላይ የቤት ብሬከር ከገባ፦ ዛሬውኑ አውጡት። የዲሲ ብሬከር፣ ለፓነልና ለባትሪ መብራት የተሠራውን፣ ግዙ። ልዩነቱ ዋጋ ብቻ የሚመስላችሁ ከሆነ የተቃጠለ ሳጥን ላሳያችሁ እችላለሁ።

ኢንቨርተሩ ትርፉን የፀሐይ መብራት ወደ መስመር የሚመልስ ከሆነ፦ ያንን ሴቲንግ አጥፉት። አንዳንድ ዲጂታል ቆጣሪ የወጣውንም እንደገባ ይቆጥረዋል።