የክንፍ ፍላተር መቆጣጠሪያ ሲያስቸግር፦ ጌይኑን ከመነካካታችሁ በፊት

ፍላተር የሚመጣው የክንፉ መታጠፍና መጠምዘዝ ተገጣጥመው ከአየሩ ጉልበት መሳብ ሲጀምሩ ነው። መርገብገቡ ራሱን በራሱ ያሳድጋል፣ ቶሎ ካልተገታም ክንፍ ይገነጥላል። የድሮው መላ ክንፉን ማጠንከር ወይም ክብደቱን ማስተካከል ነበር። ንቁ ቁጥጥር ግን ሌላ መንገድ ነው፤ ሴንሰር ያነባል፣ ኮምፒውተር ያሰላል፣ ኤሌሮኑ (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ተቃራኒውን ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካኖች አንድ ለሙከራ የተሻሻለ ቢ-52 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በዚህ ዘዴ ከፍላተር ፍጥነቱ (ፍላተር ከሚጀምርበት ፍጥነት) 10 ኖት አሳልፈው አብርረውታል። እና ይሠራል። አልሠራ ሲል ግን ብዙ ሰው እጁን ቀጥታ ጌይኑ (ሲስተሙ ላነበበው መርገብገብ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚመልስ የሚወስነው ቁጥር) ላይ ያሳርፋል፣ ችግሩ ያለው ግን ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ሲስተሙ ሲበራ መርገብገቡ ይብሳል

መጀመሪያ የሲግናሉን ምልክት እዩ። ፕላስና ማይነስ ተገላብጦ ከሆነ ኤሌሮኑ ማርገቡን ትቶ እያገዘ ነው። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ያጋጥማል።

ምልክቱ ልክ ከሆነ የሚጠረጠረው መዘግየት ነው። ሴንሰሩ ትንሽ ይዘገያል፣ ፊልተሩ ትንሽ፣ ኮምፒውተሩ ትንሽ፣ አክቹዌተሩ (ኤሌሮኑን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ) ደግሞ ከሁሉም በላይ ሊዘገይ ይችላል። ድምሩ 20 ሚሊ ሰከንድ ደረሰ እንበል። ክንፉ በሰከንድ 10 ጊዜ የሚርገበገብ ከሆነ ይህች ትንሽ የምትመስል መዘግየት 72 ዲግሪ ፌዝ ትበላለች (አንድ ሙሉ መርገብገብ 360 ዲግሪ ተብሎ ይቆጠራል)። በዘርፉ የተለመደው የመጠባበቂያ ልክ፣ ማለትም ሲስተሙ ሳይናጋ የሚችለው ስህተት፣ 60 ዲግሪ ፌዝና 6 ዴሲቤል (እጥፍ ገደማ) ጌይን ነው፣ ስለዚህ መዘግየቱ የሂሳብ ሞዴላችሁ ውስጥ ካልገባ መጠባበቂያው ገና ሳይነሱ አለቀ ማለት ነው።

መፍትሄው መለካት ነው። መሬት ላይ፣ ከሴንሰሩ ጀምሮ ኤሌሮኑ በትክክል እስኪንቀሳቀስ ድረስ ያለውን ሁሉ፣ በፍላተሩ ፍሪኩዌንሲ ለኩ። የአምራቹን ወረቀት ብቻ አትመኑ። ከዚያ የተለካውን ቁጥር ሞዴሉ ውስጥ አስገብታችሁ የቁጥጥር ሕጉን (የሴንሰሩን ንባብ ወደ ኤሌሮን ትእዛዝ የሚቀይረውን ስሌት) እንደገና ንደፉ። ለጥንቃቄ ተብለው የተደራረቡ ፊልተሮችንም ቀንሱ፤ እያንዳንዳቸው ፌዝ ያስከፍላሉ። ሲግናሉን ወደ ዲጂታል ከሚቀይረው መሣሪያ በፊት ያለውን ፊልተር ግን እንዳትነኩት። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚያነብ ኮምፒውተር ያለ እሱ የ90 ኸርዝ (በሰከንድ 90 ጊዜ) ንዝረትን 10 ኸርዝ አድርጎ ያየዋል፣ ከዚያ የሌለ ፍላተር ሲያባርር ይውላል።

በዝቅተኛ ፍጥነት ሰላም ነው፣ ከፍላተር ፍጥነት ሲያልፍ ግን ሲስተሙ በርቶም ያድጋል

እዚህ ላይ ጌይኑ በእርግጥ ሊያንስ ይችላል። ዋናው ተንኮል ያለው እዚህ ነው፤ ከፍላተር ፍጥነት በላይ ክንፉ ብቻውን የማይረጋጋ ስለሆነ ጌይን ሲበዛም ሲያንስም ይጥላችኋል። ከላይም ከታችም ገደብ አለው፣ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ እየጠበበ ይሄዳል።

ሰኔ 1980 እ.ኤ.አ. የናሳ ዳስት የተባለ ሰው አልባ የምርምር አውሮፕላን የወደቀው በዚህ ነው። ሲስተሙ ሲገጠም በተፈጠረ ስህተት ጌይኑ ከታሰበው ግማሽ ሆኖ ነበር። ንድፈ ሐሳቡ ሳይሆን የተጫነው ቁጥር ነው ያሳተው።

ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። የታወቀ ሲግናል በሴንሰሩ በኩል አስገቡ፣ ኤሌሮኑ ስንት ዲግሪ እንደሄደ ለኩ፣ ከስሌቱ ጋር አስተያዩ። ጌይኑም ፍጥነት ሲጨምር ከሚጨምረው የአየር ግፊት ጋር አብሮ እንዲቀያየር አድርጉ፣ ለሁሉም ፍጥነት አንድ ቁጥር አይበቃም።

ትንሹን መርገብገብ ያበርዳል፣ ኃይለኛ ነፋስ ሲመታው ያመልጣል

አክቹዌተሩ ፍጥነት አልቆበታል። በ10 ኸርዝ 3 ዲግሪ ወዲያና ወዲህ ለማለት በሰከንድ 188 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ ፍጥነት ያስፈልጋል። አክቹዌተሩ 100 ላይ የሚቆም ከሆነ ከ1.6 ዲግሪ በላይ በትክክል መከተል አይችልም፣ ከዚያ በኋላ ይዘገያል፣ መዘግየቱም ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሳችኋል። እዚህ ጌይን መጨመር እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ሥራውን ለብዙ ኤሌሮኖች አካፍሉ፣ ወይም ፈጣን አክቹዌተር ግጠሙ። አብራሪው ለመዞር የሚጠቀምበት ኤሌሮን ከሆነ ደግሞ ለማርገቢያው የሚበቃ ፍጥነት ለይታችሁ አስቀምጡለት።

አያድግም፣ አይጠፋም

መጠኑ ሳይለወጥ የሚቀጥል መርገብገብ ሲታይ መጀመሪያ የኤሌሮኑን ማጠፊያ ፈትሹ። የላላ ማጠፊያ ከስሌቱ የፍላተር ፍጥነት በታች እንኳ ይህን ያመጣል። ሶፍትዌር ሳትነኩ አጥብቁት ወይም ቀይሩት። ማጠፊያው ጤነኛ ሆኖ ችግሩ ከድምፅ ፍጥነት አቅራቢያ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ምንጩ አየሩ ራሱ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ የቁጥጥር ሕግ ያስፈልጋል። ቦይንግ 747-8 ላይ እንዲህ ያለውን መርገብገብ የሚያበርድ ሲስተም በውጪኞቹ ኤሌሮኖች በኩል ይሠራል።

ሲነሳ ደህና ነበር፣ በረራው መሃል ተበላሸ

ነዳጅ ነው። ክንፉ ውስጥ ያለው ነዳጅ ሲቀንስ ክብደቱ ይቀየራል፣ ፍሪኩዌንሲውም አብሮ ይሄዳል። ክንፉ ሲርገበገብ የማይንቀሳቀሰው መስመርም ቦታውን ሊቀይር ይችላል፣ ሴንሰሩ እዚያ መስመር ላይ ከወደቀ ምንም አያይም። ታንኩን ሙሉ፣ ግማሽና ባዶ አድርጋችሁ መሬት ላይ የንዝረት ሙከራ ሥሩ፣ ሴንሰሮቹንም በሦስቱም ጊዜ የሚያይ ቦታ ላይ አስቀምጡ።